የደረቀ የቲዩብለስ ሲላንት ከቴላዮ፣ ከፍሬንና ከልብስ ላይ በምን ይለቃል?

ዳገት ወጪ
ሰላም ለሁላችሁ። የሳይክሌ ጎማ ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ (ሲላንት) አለው። የኋላ ጎማዬ ተበስቶ ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ የተረጨው ሲላንት ሙሉ በሙሉ ደርቋል። ያለበት ቦታ፦ ኮርቻ ተሸካሚው ቱቦ ጀርባ ላይ፣ የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ በያዙት ቱቦዎች የውስጥ ጎን፣ የጠርሙስ መያዣው ላይ፣ የኋላ ጥርሶቹ መሃልና የፍሬኑ ዲስክ ላይ። ቴላዮው ካርቦን ነው፤ ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር። ከልብስ ደግሞ ጥቁር ላይክራ ቁምጣ፣ ነጭ ማሊያና ስስ የንፋስ ጃኬት አለ። ሲላንቱ ነጭ፣ አሞኒያ አሞኒያ የሚሸተው ዓይነት ነው። ሙቅ ውሃና ላርጎ ምንም አላደረገለትም። ቤት ውስጥ አሴቶን፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የፋርማሲ አልኮልና ደብሊውዲ 40 (የሚረጨው የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት) አለ። የቱን ለየትኛው ልጠቀም?

ጎሚስታው
በረኪናውንና አሴቶኑን ወደ ቦታቸው መልስ። ለሳይክሉ የቀሩት ሦስቱ ይበቁሃል።

ሲላንቱ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ ላቴክስ ነው፤ በውሃ ውስጥ የተበተኑ፣ በዓይን የማይታዩ የጎማ ቅንጣቶች ማለት ነው። አሞኒያው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል፤ የተጨመረበት ግላይኮል ደግሞ በብርድ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ውሃውና አሞኒያው ሲተኑ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ስስ የጎማ ሽፋን ይሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ብታፈስበት ወደ ፈሳሽነት አይመለስም። ሳሙና ቅባትና አቧራ ያነሳል እንጂ ጎማ አያነሳም፤ ላርጎው ያልሠራልህ ለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመሪያ መላጥ ነው፤ ከመላጥ የተረፈውን ደግሞ ነዳጅ ቀመስ በሆነ ፈሳሽ አሳብጦ ማንሳት።

ቴላዮውን ሳታረጥብ ጀምር። እርጥብ ጎማ ያንሸራትታል፣ ጣት አይይዘውም። በመጀመሪያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፍ፤ አሸዋ ከቀረ አብረህ እያሸህ ቀለሙን ትፍቃለህ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ጠብታ ጠርዝ በአውራ ጣትህ ወደ መሃል ግፋው። ጠርዙ ከተነሳ ቀሪው እየተድበለበለ ይመጣል። የተድበለበለውን እንዳትጥለው፤ ድብልብሉን ራሱን ይዘህ ቀሪዎቹን ነጠብጣቦች ብታሽ፣ ጎማ ጎማን ስለሚስብ ከጣት በተሻለ ያነሳቸዋል። ጥፍር ለማይገባበት ቦታ ያረጀ የሞባይል ካርድ ወይም ሌላ የፕላስቲክ ካርድ ተጠቀም። ካቻቢቴና ቢላዋ አታስጠጋ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው እንደ ጭጋግ ያለ ስስ ንጣፍ ነው። ጨርቅ ላይ ትንሽ ደብሊውዲ 40 ወይም ነጭ ጋዝ አድርግና ቦታው ላይ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ጫነው። ሽፋኑ ሲያብጥ በዚያው ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረገው። በመጨረሻ ላርጎ ባለው ለብ ያለ ውሃ አጥበህ አድርቀው። ቀለምህ የማያብረቀርቅ ስለሆነ በክብ በክብ አትፈትግ፣ የቀለም ማስወልወያ ክሬምም አትቀባ፤ የተፈተገበት ቦታ ያብረቀርቅና ከሌላው ተለይቶ ይቀራል። ነጭ ጋዝ እንዲህ ያለ ቀለም ላይ ሲነካ እርጥብ የመሰለ ጥቁር ጥላ ያሳያል። እሱ ቅባት ነው፣ በላርጎ ይወጣል፣ አያስደንግጥህ።

ሰማያዊ ፔዳል
የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙ ሰው ይጠቀም የለ? ለምን አይሆንም?

ጎሚስታው
አሴቶን የተፈጥሮ ጎማን በደንብ አያሟሟም፤ ቀለምን፣ የምልክት ማጣበቂያንና ብዙ ዓይነት ፕላስቲክን ግን ያሟሟል። ስለዚህ ጎማው ሳይነቃነቅ ከሥሩ ያለው ቀለም ይለሰልሳል። ፋብሪካ ውስጥ በጠንካራ ሽፋን የተቀባ ቴላዮ ለአጭር ጊዜ ሊችለው ይችላል፤ በጣሳ ርጭት የተቀባ ወይም ተለጣፊ ጽሑፍ ያለበት ግን አይችልም። ከፖሊካርቦኔት የተሠራ መነጽርና የመብራት መስታወት ደግሞ በአሴቶን ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። የቀለም ቤት ቲነርም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ጎማውን ያሟሟል፣ ቀለሙን ግን ቀድሞ ይጨርሰዋል።

መቀሌ ሮድ
ቤንዚንስ? ከነጭ ጋዝ ቶሎ ይሠራል።

ጎሚስታው
ቶሎ መሥራቱ እውነት ነው፤ አይመከርም ግን። ነጭ ጋዝ በአካባቢው ሙቀት በቀላሉ የማይቀጣጠል ትነት ነው ያለው፤ መቀጣጠያ ነጥቡ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ይወርዳል። ማለትም ብርድ ባለበት ጠዋትም ቢሆን ከጨርቁ የሚነሳው ትነት ከሩቅ እሳት ይዞ ይመጣል። በቆዳም ይገባል፣ ውስጡ ያለው ቤንዞል (benzene) የተባለው ኬሚካልም ለጤና ጠንቅ ነው። 5 ደቂቃ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን ሁሉ አትግዙ።

ኦሮራ ጠጠር
ዲስኩን ማንም አላነሳውም፤ ከሁሉም የሚያሳስበው ግን እሱ ነው። ዳገት ወጪ፣ ደብሊውዲውን ቴላዮው ላይ በቀጥታ እንዳትረጭ። የሚበተነው ብናኝ ዲስኩ ላይ ካረፈ ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል። መጀመሪያ የኋላውን ጎማ አውጣ፣ የፍሬን ሸራዎቹንም ከካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን ከሚጨብጠው ክፍል) አውጥተህ ለብቻ አስቀምጥ። ቴላዮውን ከዚያ በኋላ ነው የምትነካው፤ ፈሳሹንም ሁልጊዜ ወደ ጨርቁ እንጂ ወደ ሳይክሉ አታድርግ።

ዲስኩ ላይ ያለውን ሲላንት በፕላስቲክ ካርድ ልጠህ በንጹሕ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የፋርማሲው 70 በመቶም ይሠራል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን አይሆንም፤ ማለስለሻና ማወፈሪያ ስላለበት ዲስኩ ላይ ፊልም ይተዋል። ጨርቁን በየጊዜው ወደ ንጹሕ ጎኑ አዙር፤ ባደፈው ጎን መጥረግ ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው።

ሸራዎቹ ላይ ላቴክስ ካለ ቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና ሸራውን በላዩ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እሸው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ሲያሳይ በቂ ነው። በአልኮል ጠርገህ መልሰው። ላቴክስ ከላይ ስለሚቀመጥ እንዲህ ይድናል። ዘይት ወይም ደብሊውዲ ከነካው ግን ሸራው ይመጠዋል፤ ያን ጊዜ መቀየር እንጂ ማሸት አያዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሊፐሩ አጠገብ ነዳጅ ቀመስ ፈሳሽ አታድርጉ። በተለይ ፍሬኑ በማዕድን ዘይት ሳይሆን በዶት (DOT) የፍሬን ፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ለነዳጅና ለማዕድን ዘይት አልተሠሩም፤ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ፒስተኑም መመለስ ያቅተዋል። ካሊፐር ላይ አልኮልና የጥጥ እንጨት ብቻ።

ዳገት ወጪ
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። የኔው የማዕድን ዘይት ነው፤ ቢሆንም በአልኮል ብቻ እሠራዋለሁ። ጥርሶቹና ካቴናውስ?

መቀሌ ሮድ
እሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ነጭ ጋዝ በጥርስ ብሩሽ፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በጥርሶቹ መሃል የተጠማዘዘ ጨርቅ እየሳብክ አውጣ። ጥርሱን ወደ ታች ዘንበል አድርገህ ያዘው፤ ጋዙ ወደ መሃሉ ኩሽኔታ ከፈሰሰ ግራሱን ያጥበዋል። ካቴናው በጋዝ ከነካካ የነበረው ዘይት ስለሚታጠብ ጠርገህ፣ አድርቀህ፣ እንደገና ዘይት አጠጣው።

የላይክራ እናት
ወደ ልብሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ በሲላንቱ ሳይሆን በጽዳቱ ነው የሚጠፋው።

ዳገት ወጪ፣ ከእንግዲህ ልብሱን ሙቅ ውሃ አታስነካው። ካውያም፣ ማድረቂያ ማሽንም፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ይቅር። ሙቀት ጎማውን ያለሰልሰውና ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ብርሃንና አየር ደግሞ ያቢጨዋል። ነጩ ማሊያ ላይ ቢጫው ከያዘ ጎማው ራሱ ቢነሳ እንኳ ጥላው ይቀራል። ስለዚህ ማሊያውን አስቀድም።

መጀመሪያ ልብሱን በፌስታል አድርገህ ፍሪዘር ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት አስገባ። የቤት ፍሪዘር ጎማን እንደ ማስቲካ አያደርቀውም፤ የተፈጥሮ ጎማ እንደ መስታወት የሚሰባበረው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ግን ይጠነክራል፣ መጣበቁም ይቀንሳል። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ከፍሪዘር እንዳወጣህ ወዲያው ጨርቁን በሁለት እጅ ወጥረህ ጠርዙን በጥፍር አንሳ፤ ላይክራ ሲወጠር ጎማው ከክሩ ራሱን ያላቅቃል። ሲሞቅ መልሰህ አስገባ።

በክሩ መሃል የቀረው በፈሳሽ ነው የሚወጣው። ልብሱን ከውጭ ወደ ውስጥ ገልብጥ፤ ከቆሸሸው ገጽ ሥር ነጭ ጨርቅ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፍ። በጥጥ እንጨት የላይተር ቤንዚን (ለሲጋራ ላይተር የሚሸጠውን እንጂ የመኪናውን አይደለም) ወይም የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ያለበት ማጽጃ ከጀርባ በኩል አስነካው። ጥቂት ጠብታ ብቻ፤ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት፣ ጓንት አድርገህ። ከጀርባ የምናደርገው ያበጠው ጎማ ወደ ነጩ ጨርቅ እንዲወርድ ነው፤ ከፊት ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ገልብጠህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በክሩ አቅጣጫ ጥረገው። ሥሩ ያለውን ጨርቅ እየቀየርክ ድገመው። በአንድ ጊዜ ሁሉም አይወጣም፤ ኃይል አትጨምር፣ ዙር ጨምር።

ሲጨርስ ውሃ ከማስነካትህ በፊት ላርጎውን በደረቁ ቦታው ላይ እሸው። ላርጎው የነዳጁን ቅባት ይይዛል፤ ውሃው ቀድሞ ከገባ ግን ቅባቱ ተበትኖ ክብ ጥላ ይሠራል። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጥላ ሥር ስቀለው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በ30 ዲግሪ እጠበው። ፈሳሽ የሸተተ ልብስ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ትነቱ እሳት ይጠራል።

ሰማያዊ ፔዳል
ላይክራው በላይተር ቤንዚን አይበላሽም?

የላይክራ እናት
ለአጭር ጊዜና በጥቂቱ አይበላሽም፤ ደረቅ እጥበት ቤቶችም ከነዳጅ የሚገኙ ፈሳሾችን ይጠቀማሉ። የልብሱ መለያ ላይ በክብ ውስጥ የኤፍ ወይም የፒ ፊደል ካለ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ የተፈቀደ ነው። ክቡ ላይ የኤክስ ምልክት ካለ ተወው። መለያው ከሌለ ከውስጥ ስፌቱ ላይ ሞክረህ 10 ደቂቃ ጠብቅ።

የማይነኩ ቦታዎችን ልንገርህ። የቁምጣው መቀመጫ ስፖንጅ በማጣበቂያ የተያያዘ ንብርብር ስለሆነ ፈሳሽ አይነካውም፤ እዚያ ላይ ፍሪዘርና ጥፍር ብቻ። በሙቀት የተለጠፉ ጽሑፎችና አንጸባራቂ መስመሮችም ይላጣሉ። ጃኬቱ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ከውስጥ ካለው እንደዚሁ። ተራ ስስ የንፋስ ጃኬት ከሆነ ግን ዕድለኛ ነህ፤ ክሩ ጥብቅና ለስላሳ ስለሆነ አብዛኛው ሳይቀዘቅዝም ይላጣል። በረኪና ላይክራ ላይ አይታሰብም፤ የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል፣ ጎማውን ግን አያነሳውም።

ዱባይ ዙር
ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ቀላል አይደለም? አሞኒያውን ያመክነዋል።

ጎሚስታው
አሞኒያውን ማምከኑ ነው ችግሩ። ቅንጣቶቹን አለያይቶ የያዛቸው እሱ ነው፤ አሲድ ሲገባ ወተት በሎሚ እንደሚቋጠር ይቋጠራሉ። የጎማ እርሻዎችም ከዛፍ የተቀዳውን ላቴክስ የሚያረጉት በአሲድ ነው። ልብሱ ገና እርጥብ ሳለ ኮምጣጤ ብታደርግበት ጎማውን ክሩ ውስጥ ትቆልፈዋለህ። የደረቀ ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም።

የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ፈሳሽ ሲላንት ሴራሚክ ላይ ከፈሰሰ ኮምጣጤ አርከፍክፍበት፤ ቋጥሮልህ በእጅ ታነሳዋለህ። እብነ በረድና ሲሚንቶ ላይ ግን አይሆንም፣ አሲዱ ይበላቸዋል። የተረፈ ሲላንትንም በመታጠቢያ ገንዳ አትድፉ፤ ቱቦ ውስጥ ይረጋል። በጋዜጣ ወይም በሰጋቱራ አስመጥጦ አድርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ነው።

ኦሮራ ጠጠር
ገና እርጥብ ሳለ ለሚደርስበት ሰው፦ ወዲያው የጠርሙስ ውሃ። ቴላዮው ላይ አፍስሰህ ጥረገው፣ በውሃ ብቻ ይሄዳል። ልብሱን አትሸው፤ ከጀርባ በኩል ውሃ እያፈሰስክ አስወጣው። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ማቃጠሉ ካላቋረጠ ሐኪም ማየት ነው። ላቴክስ የሚያሳክከው ሰው ደግሞ የላቴክስ ሳይሆን የናይትራይል ጓንት ያድርግ።

እኛ ኮሎራዶ ጠጠር መንገዱ ዳር ዳሩ ኩርንችት ነው፤ ጎማ መበሳት አይቀሬ ስለሆነ ርጭቱን መቀነስ ይሻላል። ፉጨቱን እንደሰማህ ቁምና ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙረው። ሲላንቱ ታች ስለሚጠራቀም ቀዳዳው ላይ ተኝቶ ይደፍነዋል። ቆሞ የማይደፈን ከሆነ ቀዳዳው ትልቅ ነው፣ የጎማ መሰኪያ ክር ያስፈልገዋል። መንዳት ስትቀጥል ግን እያንዳንዱ ዙር ቴላዮህንና ጀርባህን ይቀባል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥይት (ጎማ መንፊያ ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ) መንፋትም ከላቴክስ ጋር አይስማማም፤ ብርዱም አሲዱም ሲላንቱን ጎማው ውስጥ ያረጉታል። በፖምፓ ቢሆን ይመረጣል።

ዱባይ ዙር
ተረድቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። እዚህ በበጋ የሲላንት ዕድሜ አጭር ነው፤ ጎማውን ስከፍተው ውስጡ ሙሉ የደረቀ ሽፋንና ድብልብል ነው። እሱንስ መላጥ አለብኝ?

ጎሚስታው
ስስ ሽፋኑን ተወው፤ ጎማው አየር እንዳያሳልፍ ያግዘዋል። ቀላል ጎማዎች ላይ በኃይል ከላጥከው የውስጡን ክር ይዞ ይነሳል። ማውጣት ያለብህ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የተድበለበሉትን። ክብደት ይጨምራሉ፣ አዲሱ ሲላንት ሲገባም እነሱ ላይ እየተጣበቀ ያልቃል። ሁለተኛ፣ የጎማው ከንፈርና ቸርኬው ላይ ከንፈሩ የሚቀመጥበት ቦይ። እዚያ ቅሪት ካለ ከንፈሩ እኩል አይቀመጥም፣ አየርም በጎን ያፈስሳል። በጣትና በፕላስቲክ ካርድ አውጣው፣ በአልኮል ጥረገው። ነጭ ጋዝና ደብሊውዲ እዚህ አይገቡም፤ የጎማውን ከንፈር ያሳብጣሉ፣ የቸርኬውን ቴፕ ማጣበቂያ ይፈታሉ።

ሦስተኛ ቫልቩ። ፖምፓው ጠንክሮ አየር አልገባ ሲል ብዙ ሰው ቫልቩ ተበላሸ ብሎ ይቀይረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነው ውስጡ ያለው መክፈቻ ነው። ጎማውን አዙረህ ቫልቩ ከላይ እንዲሆን አድርግ፣ ሲላንቱ ወርዶ ታች ይቆማል። አየሩን አውጣ፣ መክፈቻውን በቫልቭ ቁልፍ ወይም ጨርቅ በጠቀለልክበት ትንሽ ፒንሳ ወደ ግራ ፍታው። በላዩ ያለውን ጎማ ላጥ፤ ጎሚኒዋ ከተቆረጠች መክፈቻውን ቀይር፣ ርካሽ ነው። የቫልቩን ቱቦ ደግሞ በአሮጌ የቸርኬ ሽቦ አጽዳ፤ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ልክ ይገባል። ጫፉ ሹል እንዳይሆን አስተካክለው፣ አለበለዚያ ቴፑን ትበሳለህ።

ቴፑ ሥር ሲላንት ከገባ ግን ቴፑን አንሳና የሽቦዎቹን ኒፕሎች (ሽቦዎቹን ከቸርኬው ጋር የሚያስሩትን ትንንሽ ዳዶች) እያቸው። አሉሚኒየም ከሆኑ ነጭ ዱቄት ታያለህ፤ አሞኒያ ያለበት እርጥበት እየበላቸው ነው። የተበላው ኒፕል ሳያስጠነቅቅ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ይቀየር፤ ቸርኬውም በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ አዲስ ቴፕ ይለጠፍ።

መቀሌ ሮድ
መጠኑንስ? ብዙ ሰው አብዝቶ ነው የሚያፈስሰው፣ ያም ነው ቴላዮ ላይ የሚያርፈው።

ጎሚስታው
ለ28 እና ለ32 ሚሊ ሜትር የአስፋልት ጎማ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር፤ ለ40 ሚሊ ሜትር የጠጠር ጎማ ወደ 60፤ ለ29 በ2.4 ኢንች የተራራ ጎማ ከ90 እስከ 120። በሲሪንጅ በቫልቩ በኩል ስጡት። ደረቅና ሞቃት አገር በየ2 ወሩ፣ ቀዝቃዛ ቦታ እስከ 6 ወር ድረስ ፈትሹ።

የላይክራ እናት
አንድ ጥንቃቄ ለሌሎች አንባቢዎች። ከመጀመራችሁ በፊት የሲላንቱን ጠርሙስ አንብቡ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለላቴክስ ነው፣ እንደ ስታንስና ኦሬንጅ ሲል ላሉት። አረንጓዴው ስላይም ዓይነት ግላይኮልና ክር እንጂ የላቴክስ ሽፋን አይደለም፤ እሱ በውሃና በሳሙና ይወጣል፣ ነዳጅ አያስፈልገውም።

ዳገት ወጪ
ቴላዮው ጸድቷል፤ ድብልብሉን ይዞ ማሸቱ ከሁሉም በላይ ሠራ። ዲስኩ በአልኮል አልቋል። ማሊያው ሁለተኛ ዙር ፍሪዘር ላይ ነው። የቀረው የመሪው ቴፕ ነው፤ ጥቁር ነው፣ ሸካራ፣ ነጠብጣቦቹ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብተዋል።

ኦሮራ ጠጠር
የመሪ ቴፕ ላይ ነዳጅ አታድርግ፤ ስፖንጁን ያሳብጠዋል፣ ከሥር ያለውን ማጣበቂያም ይፈታል። ደረቅ የጥርስ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ አልኮል በጥጥ እንጨት ቀዳዳ በቀዳዳ። ቴላዮው ሲደርቅ ደግሞ ስስ የመኪና ሰም ቀባው፤ የማያብረቀርቅ ቀለምህን እንዳያብለጨልጨው ለማት ቀለም የተሠራውን ፈልግ። ሰም ያለበት ላይ የሚያርፍ ሲላንት በጣት ብቻ ይላጣል። ዲስኩን ሸፍነህ ቀባ።